መልስ፦ በ20 ሺህ ብር የሐበሻ ልብስ በቴሌግራም መሸጥ

እህቴ፣ «20 ሺህ ብር አለኝ፣ ልብሱን ገዝቼ ላስቀምጥ ወይስ በትእዛዝ ልጀምር?» ላልሽው፣ በትእዛዝ ጀምሪ። ገንዘብሽን በአንዴ ዕቃ ላይ አትጨርሺው።

ሽሮ ሜዳ ሂጂና ሁለት ሦስት ባለሱቆችን ተግባቢ። ናሙና የሚሆኑ ጥቂት ልብሶች ብቻ ግዢ። ከደንበኛ ቀብድ ተቀብለሽ ታሠሪያለሽ።

ፎቶ ላይ ግን አትቸኩዪ። ነጭ ጥጥ በአምፖል ብርሃን ቢጫ ይመስላል። ጠዋት መስኮት አጠገብ አንሺው። ጥለቱን ቀረብ ብለሽ፣ የጀርባውን ስፌት ሳይቀር አሳዪ። በእጅ የተሸመነ ነው ወይስ የፋብሪካ፣ በግልጽ ጻፊ። ሰው አንዴ ከተታለለ አይመለስም።

ልኬትም እንደዚሁ። እኔ መጀመሪያ ላይ «ሚድየም» ብዬ የሸጥኩት ቀሚስ ደረቱ ጠቦ ከአያት ሰፈር ተመለሰልኝ። የሞተር ዴሊቨሪውን ደርሶ መልስ ከኪሴ ከፈልኩ፤ ትርፌ እዚያው አለቀ። ከዚያ ወዲህ ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብና ቁመት በሴንቲሜትር እጽፋለሁ። ሜትሩን ልብሱ ላይ ዘርግቼም ፎቶ አነሳለሁ። ጥያቄው በጣም ቀነሰልኝ።

ክፍያ በቴሌብር ወይም በባንክ ይሁን። የላኩልሽን ስክሪንሾት ብቻ አይተሽ ዕቃ እንዳትለቂ፤ በፎቶሾፕ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ገንዘቡ አካውንትሽ ውስጥ መግባቱን ራስሽ እዪ።

ንግድ ፈቃዱንም ቶሎ አውጪ፣ በኢንተርኔት ማመልከት ይቻላል።

ለጥምቀት መሸጥ ካሰብሽ ደግሞ ትእዛዙን ኅዳር ላይ ስጪ። ታኅሣሥ ከገባ ሸማኔዎቹ ፋታ የላቸውም።