ቶርቲያ፦ በማድሪድ እንቁላል፣ በሜክሲኮ ቂጣ

ጠያቂያችን፣ የስፓኒሽ ቋንቋ መማሪያ መጽሐፍዎ «ቶርቲያ» ቂጣ ነው ብሎዎት፣ ማድሪድ ውስጥ ቢያዝዙ ድንችና እንቁላል እንደቀረበልዎት ጽፈዋል። መጽሐፉም አስተናጋጁም ትክክል ናቸው።

ቃሉ የ«ቶርታ» ማሳነሻ ነው፤ «ትንሽ ቶርታ» እንደማለት። ቶርታ ደግሞ በጥንቱ ክብ ዳቦ ነበር። ስፔናውያን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሜክሲኮ ሲገቡ፣ የአገሬው ሰው በናዋትል ቋንቋ «ትላሽካሊ» የሚለውን የበቆሎ ቂጣ አይተው በራሳቸው ቃል ጠሩት። እዚያ በቆሎው በኖራ ውሃ ተቀቅሎ ያድራል፤ ታጥቦ ከተፈጨ በኋላ ሊጡ ተጠፍጥፎ «ኮማል» በሚሉት ምጣድ ላይ ይጋገራል።

በስፔን ግን ድንቹ በስሱ ተቆርጦ፣ ዘይት ሳይሰሰትለት በወይራ ዘይት ቀስ ብሎ ይበስላል። ከተመታ እንቁላል ጋር ተደባልቆ መጥበሻው ላይ ሲረጋ፣ ሰሃን ይደፋበትና በአንድ ፈጣን የእጅ እንቅስቃሴ ይገለበጣል። እጅግ የምወደው ይህን ቅጽበት ነው፤ ቋንቋውም ውስጥ ገብቷል። ስፔናውያን «ቶርቲያው ተገለበጠ» ሲሉ ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ፣ የበላይ የነበረው የበታች ሆነ ማለታቸው ነው። ድንች የሌለበት ተራ የእንቁላል ጥብስ ካማረዎት «ቶርቲያ ፍራንሴሳ» ብለው ይዘዙ።

ስለዚህ በደብተርዎ ላይ ቃሉን ብቻውን አይጻፉት፤ የአገሩን ስም ከጎኑ ያኑሩ። «ቶርታ»ንም እንዲሁ፦ በሜክሲኮ ሳንድዊች፣ በአርጀንቲና ኬክ ነው፤ በስፔን ደግሞ በጨዋታ መሐል ከሰሙት ጥፊም ሊሆን ይችላል።