የድኻ አባት ወይስ ሠራተኛ አስገዳይ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ እነዳለሁ። ማውንት ቨርነን አደባባይ ላይ፣ ዛሬ የአፕል ሱቅ የሆነው «ካርኔጊ ላይብረሪ» የሚባል ነጭ ሕንፃ አለ። አንድ ተሳፋሪዬ ካርኔጊን «የድኻ አባት ነበር» አለኝ፤ በሌላ ቀን ሌላው «ሠራተኞቹን ያስፈጀ» አለኝ። ማንን ልመን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱም አልዋሹህም። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ያዝልኝ።)

አንድሩ ካርኔጊ በ1835 ስኮትላንድ የተወለደ የሸማኔ ልጅ ነው። የፋብሪካ ሽመና የአባቱን እንጀራ ሲዘጋው ቤተሰቡ በ1848 ተሰዶ ፔንስልቬንያ ገባ። ልጁ በሳምንት በ1 ዶላር ከ20 ሳንቲም ጥጥ ፋብሪካ ተቀጠረ፤ ቀጥሎ የቴሌግራም ተላላኪ ሆነ። ኮሎኔል ጄምስ አንደርሰን የሚባሉ ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ የግል መጻሕፍታቸውን ለሠራተኛ ልጆች ያውሱ ነበር። ካርኔጊ ይህን ውለታ አልረሳም፤ ሀብታም ሲሆን በየአገሩ ከ2,500 በላይ ቤተ መጻሕፍት አሠራ። ያንተኛው የተከፈተው በ1903 ነው። ጥቁር ከብዙ በር በሚመለስበት ዘመን እዚያ ገብቶ ማንበብ ይችል ነበር። ይህን አልነፍገውም።

ሁለተኛው ተሳፋሪህ ያነሣብህ ፒትስበርግ አጠገብ የነበረውን የካርኔጊን የሆምስቴድ ብረት ፋብሪካ ነው። በ1892 የሠራተኛ ማኅበሩ ውል ሲያልቅ፣ የኩባንያው አለቃ ሄንሪ ፍሪክ ክፍያ ልቀንስ አለ፤ ማኅበሩ እምቢ ሲል በሩን ዘጋባቸው። ጁላይ 6 ጎህ ሳይቀድ ፒንከርተን የሚባል የግል ጥበቃ ኩባንያ 300 ያህል ቅጥር ታጣቂዎች በሞኖንጋሄላ ወንዝ በጀልባ መጡ። ሠራተኛው ዳር ወጥቶ ጠበቃቸው። ተኩሱ ቀኑን ዋለ፣ ከሁለቱም ወገን ሰው ወደቀ። ኋላ የክፍለ ግዛቱ ጦር ገባ፤ ማኅበሩም ፈረሰ።

ካርኔጊ ያን ጊዜ የት ነበር? ስኮትላንድ፣ ዕረፍት ላይ። ወዳጆቹ «አልነበረበትም» ይላሉ። እኔ ይህ አይዋጥልኝም፤ ጉዳዩን ለፍሪክ ትቶ የሄደው ራሱ ነው። ደግሞ እኮ በ1886 አድማ በመታ ሰው ቦታ ገብቶ መቀጠር ነውር ነው ብሎ በመጽሔት የጻፈ ሰው ነው!

እኔን የሚከነክነኝ ግን ከተኩሱ በኋላ ያለው ነው። በ1898 ለሆምስቴድ ቤተ መጻሕፍት ተሠራላት፤ የመዋኛ ገንዳና የሙዚቃ አዳራሽ ሳይቀር አለው። ሠራተኛው ግን 12 ሰዓት እቶን ፊት ይቆማል፤ የቀንና የሌሊት ፈረቃ ሲቀያየር 24 ሰዓት ይደርሳል። እኔ የማታ ትምህርት ሳስተምር 8 ሰዓት ብቻ ሠርተው የሚመጡት ተማሪዎቼ እንኳ አንድ ገጽ ሳይጨርሱ ዴስኩ ላይ ድፍት ይሉ ነበር። የሆምስቴዱ ሰው መቼ ሊያነብ ነው?

በ1901 ካርኔጊ ኩባንያውን በ480 ሚሊዮን ዶላር ለባንክ ባለሀብቱ ለጄ ፒ ሞርጋን ሸጠ። አብዛኛውን ሀብቱን ሰጥቶ በ1919 ሞተ። ኩባንያውን የገዛው ድርጅት የ12 ሰዓቱን ሥራ ያስቀረው ከዚያ አራት ዓመት ቆይቶ ነው።