ትንንሾቹ የት አሉ?

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ አንዲት ጅረት ዳር ቆመን ነበር። አንዲት የኮሌጅ ተማሪ ባዶ የወንዝ ዛጎል አንስታ አገላብጣ አየችው። «ጋሼ፣ የማየው ሁሉ ትልልቁን ነው። ትንንሾቹ የት አሉ?» አለችኝ። እዚያው መለስኩላት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይህን ጥያቄ ከ30 ዓመት በፊት መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ዛጎል ስላችሁ አገልግል ላይ የሚሰፋው እንዳይመስላችሁ። እሱ የባሕር ነው። አያቴ አገልግል ነበራት፤ ከላዩ አንድ ዛጎል የወደቀ ቀን ቤቱን ሁሉ ታስፈትሽ ነበር። እኔ የምለው ሁለት ክዳን ያለውን፣ ወንዝ ውስጥ ግማሽ አካሉን አሸዋ ውስጥ ቀብሮ የሚኖረውን ነው። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ወደ 300 የሚሆን ዝርያ አለው።

በ1991 በፈረንጆቹ፣ ሥራ እንደጀመርኩ፣ ወደ ሳስኮሃና ወንዝ ከሚገቡ ጅረቶች አንዱ ጋ ሄጄ ዛጎል እንድቆጥር ተላክሁ። የያዝኩት ታቹ መስታወት የሆነ ባልዲ፣ ካሊፐር የሚባል የርዝመት መለኪያና ደብተር ነው። ውሃው እስከ ጭኔ ይደርሳል። አጎንብሼ በባልዲው ሳይ መጀመሪያ የታየኝ ድንጋይ ብቻ ነበር። ዓይኔ ሲለምድ በድንጋዮቹ መሃል ሁለት ሁለት ቀዳዳ ማየት ጀመርኩ። በአንዱ ውሃ ይገባል፤ ምግቡ ስንጥቡ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሚተነፍስበት አካሉ፣ ላይ ይቀራል፤ የተጣራው ውሃ በሌላው ይወጣል። አንዱን ነካ ሳደርገው ጥርቅም አለ። ክዳኑን የሚዘጉት ከፊትና ከኋላ ያሉ ሁለት ጡንቻዎች ናቸው። በግድ ከከፈታችሁት ጡንቻው ይቀደድና ይሞታል።

ሦስት ቀን ሙሉ ቆጠርኩ። በሕይወት ያሉ 212 አገኘሁ። በደስታ ልበር ደረስኩ። በሦስተኛው ቀን ማታ ግን ደብተሩን ሳገላብጥ አንድ ነገር ከነከነኝ። ከ7 ሴንቲሜትር ያነሰ አንድም የለም። ሕፃን የማያለቅስበት መንደር ማለት ነው።

ትንንሾቹ አሸዋ ውስጥ ጠልቀው ስለሚኖሩ በዓይን አይገኙም። አሸዋውን ዝቆ በወንፊት መንፋት ያስፈልጋል። ወንፊቱ መኪናዬ ውስጥ ነበር። ዓርብ ማታ ነው፤ ደክሞኛል፤ ሪፖርቱ ሰኞ ይፈለጋል። «አሸዋ ውስጥ ይኖራሉ» ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ከዚያም «ብዛት ያለውና ጤነኛ» ብዬ ጻፍኩ።

ጤነኛ የተባለን ማን ዞሮ ያየዋል? 19 ዓመት ሙሉ ማንም ወደዚያ ጅረት አልሄደም። በ2010 ራሴ ስመለስ ያገኘሁት 41 ብቻ ነው። ሁሉም አርጅተዋል። የዚያን ቀን አሸዋውን ነፋሁት። ምንም አልነበረም።

ምክንያቱን ያኔ አላወቅሁም። የእነዚህ ዛጎሎች እጭ ዓሣ ላይ ካልተጣበቀ አያድግም። የዓሣው ስንጥብ ላይ ሳምንታት ይቆይና ወርዶ አሸዋ ውስጥ ይገባል። የዚያ ጅረት ዝርያ ዋና ተሸካሚ ደግሞ ኢል የሚባለው እባብ የመሰለ ዓሣ ነው። ኢል አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ባለው ሳርጋሶ ባሕር ውስጥ ይፈለፈልና ወንዝ ሽቅብ ይወጣል። በ1928 ሜሪላንድ ውስጥ ሳስኮሃና ወንዝ ላይ ተሠርቶ ያለቀው የኮኖዊንጎ ግድብ መንገዱን ዘጋበት። ዛጎሎቹ ዕድሜያቸው ረጅም ስለሆነ ወንዙ ሙሉ ይመስላል እንጂ ተተኪ አልነበራቸውም። ዛሬ ትንንሽ ኢሎች ከግድቡ ሥር እየተያዙ በመኪና ወደ ላይ ይወሰዳሉ። ስለ ኢል ባለማወቄ አልጸጸትም። የከነከነኝን ነገር አለመጻፌ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አንድ መስመር ይበቃ ነበር።

አንብቡ፣ በርቱ አልላችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ያስደሰታችሁን ቁጥር ግን ደግማችሁ እዩት። ሲደክማችሁ ሪፖርት አትጻፉ፣ ተኙ። ያን ዓርብ ማታ ባልተኛ ኖሮም እላለሁ፤ ሁለቱንም ከልቤ ነው የምለው። የዛሬ ልጆች አንድ የማልወድላችሁ ነገር አለ። ስልካችሁ የእንስሳውን ስም ከነገራችሁ ነገሩ ያለቀ ይመስላችኋል። ግን ያቺ ልጅም ስልኳን በእጇ ይዛ ነበር፤ ጥያቄውን የጠየቀችው እሷ ናት።

አንቺ ጥያቄውን የጠየቅሽኝ ልጄ፣ የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት እዚያው ጅረት ዳር እንገናኝ። ዛጎል ለመመርመር ፈቃድ ያላት የሥራ ባልደረባዬም ትመጣለች። የሚረጥብ ጫማ አድርጊ። ወንፊቱን እኔ አመጣለሁ፤ ያው የድሮው ነው።