ሀዋሳ መድረሱ ቀላል ነው፣ ከሞጆ ወደ ላይ ያለውን አስብበት

ወንድሜ፣ ጥያቄህ «60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ባላት የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ከአዲስ አበባ ሀዋሳ ደርሼ መመለስ እችላለሁ ወይ? ቻርጅስ የት ላድርግ?» የሚል ነው። ትችላለህ። እኔ ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ ነው የምነዳው፤ ባትሪው ያንተኑ ያህላል። ከቤተሰቤ ጋር ሦስት ጊዜ ደርሰን መጥተናል።

መሄጃው አያሳስብህ። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሀዋሳ ደግሞ 1,700 ገደማ። ቁልቁለቱ ያግዝሃል። እግርህን ከነዳጅ መስጫው ስታነሳ ሞተሩ ራሱ ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል። ቤቴ 100 ፐርሰንት ሞልቼ እወጣለሁ፤ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቼ ሀዋሳ ስገባ 35 ፐርሰንት አካባቢ ይተርፈኛል።

ስመለስ ግን ያው መንገድ 76 ፐርሰንት በላብኝ። መኪናዋን ከነሰዎቿ 650 ሜትር ወደ ላይ ማንሳት ብቻውን 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ችግሩ ደግሞ ዋናው ዳገት መጨረሻ ላይ መሆኑ ነው። ከሀዋሳ ሻሸመኔ ትንሽ ትወጣለህ፣ ከአርሲ ነገሌ ወደ ባቱ ትወርዳለህ፣ እስከ መቂ ሜዳ ነው። እዚያ ስክሪኑን አይተህ «በደንብ ያደርሰኛል» ትላለህ። ከሞጆ በኋላ በቢሾፍቱና በዱከም በኩል 70 ኪሎ ሜትር ያህል እየወጣህ ነው የምትሄደው። እኔን ያ ቁራጭ ብቻ 25 ፐርሰንት ወስዶብኛል። ስለዚህ ሞጆ ስትደርስ ከ35 በታች ከሆንክ ዝም ብለህ አትቀጥል። ፍጥነትህን ቀንስ። ከ80 ወደ 110 ስትፈጥን የንፋሱ ግፊት እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የሚቀረው።

ሻጩ «510 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች» ብሎህ ከሆነ፣ ያ የቻይናው መለኪያ ነው። በእኛ መንገድ፣ ሻንጣና ልጆች ተጭነው፣ እኔ 360 ብዬ ነው የማስበው።

አሁን ወደ ቻርጁ። ከመኪናው ጋር የመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር በተራ ሶኬት 2 ኪሎዋት ገደማ ነው የሚሰጠው። ሌሊቱን ለ10 ሰዓት ያህል ብትሰካው 20 ኪሎዋት ሰዓት፣ ማለትም የባትሪህ ሲሶ ነው። በ35 ገብተህ አንድ ሌሊት ብቻ ካደርክ 68 ላይ ነህ፤ ለመመለስ አይበቃህም። ሁለት ሌሊት እደሩ። ካልሆነም ባለ 7 ኪሎዋት ቻርጀር ያለው ማረፊያ ፈልግ፤ ያ በአንድ ሌሊት ይሞላልሃል።

ክፍል ከመያዝህ በፊት ደውለህ ጠይቅ፦ መኪና ማቆሚያው አጠገብ ሶኬት አለ? ኧርዝ (ወደ መሬት የሚሄደው የመከላከያ ሽቦ) አለው? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ መኪና ይችላል? ኧርዝ ከሌለ ብዙዎቹ ቻርጀሮች ቀይ መብራት አሳይተው አይሠሩም። ስለ ክፍያውም አስቀድመህ ተስማማ። 20 ኪሎዋት ሰዓት የሌላ ሰው ቆጣሪ ላይ ነው የሚቆጥረው፤ ሳይነግሩ መሰካት ነውር ነው፣ ከእኛ በኋላ ለሚመጣውም በር ይዘጋል።

አንድ ነገር በጣም አደራ። በመጀመሪያው ጉዞዬ ካረፍንበት ቤት ቀጭን ኤክስቴንሽን ተውሼ፣ እንደተጠቀለለ ሰካሁት። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። ሶኬቱ ቀልጦ ከመሰኪያው ጋር ተጣብቋል። ልጆቼ የተኙበት ክፍል ግድግዳው ማዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የራሴን ገመድ ነው የምይዘው፦ 15 ሜትር፣ 4 ካሬ (4 ካሬ ሚሊ ሜትር) ውፍረት ያለው ሽቦ፣ ጠንካራ መሰኪያ ያለው። ሙሉ በሙሉ ዘርግተው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ መሰኪያውን በእጅህ ንካው፤ ካቃጠለህ ከቻርጀሩ ወይም ከመኪናው ላይ አምፒሩን (የሚስበውን የኤሌክትሪክ መጠን) ቀንስ። መቀነሻ ከሌለው ንቀለውና ሌላ ሶኬት ፈልግ።

እንደደረስክ ወዲያው ስካ፤ ማታን አትጠብቅ። መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም። ሄዶ ሲመጣም ቻርጁ መቀጠሉን ወጥተህ እይ።

ፋስት ቻርጀር አለ ከተባልክ ደግሞ መሰኪያው የቻይናው ጂቢቲ ይሁን ወይስ የአውሮፓው ሲሲኤስ 2 ብለህ ደውለህ አረጋግጥ። የሌላው ዓይነት መኪናህ ላይ አይገባም።

ያንተ ቻርጀር ላይ ስንት አምፒር እንደተጻፈና ስንት ሌሊት እንደምታድሩ እዚህ ጻፍልኝ፤ ስንት ፐርሰንት ይዘህ እንደምትነሳ አብረን እናስላው።