ሳይረን ሲሰማ መስቀለኛ መንገድ ላይ፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ለዓመታት አምቡላንስ ነድቻለሁ፤ አሁን አሽከርካሪዎችን አሠለጥናለሁ። አምቡላንስ ወይም የእሳት አደጋ መኪና መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲመጣ ማን ምን ማድረግ እንዳለበት ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ጥያቄው ጎረፈ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያለሁ።

ጥያቄ፦ ቀይ መብራት ይዞኝ ከፊት ቆሜ አምቡላንስ ከኋላዬ ቢጮህስ? ጥሼ ልሂድ?

በጣም የተጠየቀው ይሄ ነው። ትራፊክ ፖሊስ ካለና "እለፍ" ካለህ እለፍ፤ የእሱ ምልክት ከመብራቱ ይበልጣል። ከሌለ ደንግጠህ ወደ መሀል አትግባ። አምቡላንሱ ሳይረን አለው፣ አንተ የለህም፤ ከጎን አረንጓዴ በርቶለት የሚመጣው ሲኖትራክ ለምን እንደገባህ አያውቅም። ቦታ ካለ ፍሬቻ አሳይተህ ወደ ቀኝ ጠጋ በል። ከሌለ ባለህበት ቁም፣ ሹፌሩ ሌላ መውጫ ይፈልጋል። እኛን የሚያስጨንቀን አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ የሚል መኪና ነው።

ጥያቄ፦ አምቡላንስ ቀይ ጥሶ ቢገጭ ጥፋቱ የማን ነው?

ቅድሚያ አለው ማለት እንዳሻው ይሄዳል ማለት አይደለም። ሳይረኑ መንገድ ይለምናል እንጂ አይከፍትም። ቅድሚያ የከለከለም ይጠየቃል፣ ሳያረጋግጥ የገባ የአምቡላንስ ሹፌርም ይጠየቃል።

ለሠልጣኞቼ የምለው ይህን ነው፦ ቀይ ከሆነ ጎማው ቀጥ እስኪል ፍሬን ያዝ። የመጀመሪያውን ረድፍ አይተህ እለፍ፣ ሁለተኛው ረድፍ ጋ ስትደርስ እንደ አዲስ እይ። የሚያስፈራው ደግሞ ቅድሚያ የሰጠህ አውቶቡስ ነው። እሱ ቆሞልህ በእጅህ አመስግነህ ስታልፍ፣ ከጀርባው ያለው ሚኒባስ "ይሄ ለምን ቆመ?" ብሎ በግራ ይወጣል። እሱ አንተን አላየም፣ አንተም እሱን። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ1 ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ እግሩ ፍሬን እስኪያገኝ ድረስ በርህ ላይ ደርሷል። እኔ የሚኒባሱን ሹፌር ዓይን ሳላይ እግሬን ከፍሬን አላነሳም ነበር።

ጥያቄ፦ ድምፁ ይሰማኛል፣ ግን ከየት እንደሚመጣ ይጠፋብኛል።

ፎቅ በበዛበት ሰፈር ድምፁ ከግድግዳ እየተመለሰ ስለሚመጣ ጆሮ ይሳሳታል። መስኮት ዝቅ፣ ሙዚቃ ቀነስ፣ ከዚያ ስፖኪዮ። አቅጣጫውን ሳታውቅ አረንጓዴ ቢሆንልህም መስቀለኛው ውስጥ አትግባ። ረጅሙ ጩኸት ቶሎ ቶሎ ወደሚቆራረጠው ከተቀየረ ቀርቧል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ሹፌሮች የሚቀይሩት መስቀለኛ ጋ ሲደርሱ ነው። አንዱ ካለፈ በኋላም አትቸኩል። ለእሳት ጥሪ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ መኪና ይወጣል፣ የሁለተኛው ድምፅ በመጀመሪያው ይዋጣል።

ጥያቄ፦ አደባባይ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ቢመጣስ?

አትቁም። ዞረህ ውጣና ከወጣህ በኋላ ቀኝ ጠርዝ ይዘህ ቁም። ገና ካልገባህ አትግባ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ሲኤምሲ በኩል የባቡሩ አጥር መንገዱ መሀል ላይ ነው፤ ወዴት እንሽሽ?

እውነት ነው፣ እዚያ አምቡላንስ ወደ ተቃራኒው መስመር መሻገር አይችልም። ያለው ማምለጫ ቀኝ ብቻ ነው። ለዚህ ነው በሰልፍ ስትቆሙ ከፊታችሁ ካለው መኪና ጎማው እስኪታያችሁ ድረስ ራቁ የምለው። መከላከያ በመከላከያ ተጠጋግታችሁ ከቆማችሁ ብትፈልጉም መጠምዘዣ የላችሁም።

ጥያቄ፦ ባዶውን እየጮኸ ምሳ ሊበላ የሚሄደውስ?

ይህች ጥያቄ የማትቀር ናት! ባዶ አምቡላንስ በሽተኛ ሊያመጣ እየሄደ ነው፤ ምጥ የያዛት እናት ቤት እየጠበቀች ይሆናል። ልቡ የቆመ ሰው ደረቱን የሚጫንለትና በኤሌክትሪክ ንዝረት የሚረዳው ካላገኘ በየደቂቃው የመትረፍ ዕድሉ ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። ያለ ጉዳይ የሚጮኹ የሉም አልልም፣ እኔንም ያናድዱኛል። ታርጋውን ያዝና ለሚመለከተው አሳውቅ። መንገድ ላይ ሆነህ ግን ለይተህ ማወቅ አትችልም፣ ልቀቅለት።

ጥያቄ፦ እናቴን በራሴ መኪና ይዤ አራቱንም ፍሬቻ አብርቼ፣ በክላክስ ቀይ ባልፍስ?

እግዚአብሔር ይማርልሽ እህቴ፣ ግን አታድርጊው። ፍሬቻና ክላክስ ሠርገኛም ያበራል፣ ያስጮሃል፤ ማንም አምቡላንስ ነው ብሎ አይቆምልሽም። አዲስ አበባ ከሆንሽ ወደ ቀይ መስቀል 907 ደውዪ። መሄዱ ግድ ከሆነ ከኋላ እናትሽን የሚይዝ ሰው አስቀምጠሽ መብራቱን ጠብቀሽ ሂጂ።

ጥያቄ፦ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ታክሲ እነዳለሁ። እዚህ ይለያል?

መሠረቱ አንድ ነው፦ ከመስቀለኛው ውጪ ሆነህ ቀኝ ጠርዝ ይዘህ እስኪያልፍ ትቆማለህ። በቨርጂኒያ ሕግ ደግሞ ለጥሪ የሚሄድን የእሳት አደጋ መኪና ከ500 ጫማ ባነሰ ርቀት መከተል ክልክል ነው፤ 150 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። እዚህ አዲስ አበባ የአምቡላንስ ጭራ ይዘው የሚሮጡትን ባየህልኝ!

ጥያቄ፦ እግረኛስ?

ካልተሻገራችሁ ጠብቁ፣ ዜብራም ቢሆን። መሀል ላይ ከደረሳችሁ ግን ጨርሱት እንጂ ወደ ኋላ አትመለሱ፤ ሹፌሩ መሪውን የሚያዞረው የለቀቃችሁትን ቦታ አይቶ ነው።