መልስ፦ ቀኑን ሙሉ ስለሚጮኸው አላርም

"የቦይለር ክፍላችን አላርም ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፣ ኦፕሬተሮቹ ሳያዩ ያጠፉታል፣ ብቀጣቸውስ?" ላልከው፣ ወንድሜ ቅጣቱን ተወው። ጥፋቱ የሰዎቹ አይመስለኝም።

በ1994 እ.ኤ.አ. ዌልስ ውስጥ ሚልፎርድ ሄቨን የነበረው የቴክሳኮ ነዳጅ ማጣሪያ ፈንድቶ ነበር። ከፍንዳታው በፊት በነበሩት 11 ደቂቃዎች ብቻ ሁለት ኦፕሬተሮች ላይ 275 አላርም ወርዶባቸዋል። የቱን አንብበው የቱን ይተዉ? ሰው ናቸው እኮ!

መጀመሪያ የአንድ ሳምንት የአላርም መዝገብ አውጣ። አብዛኛውን ጊዜ ያን ሁሉ ጩኸት የሚያመጡት ጥቂት አላርሞች ናቸው። ወይ ሴንሰሩ ተበላሽቷል፣ ወይ አላርሙ የሚጮኽበት ገደብ ለወትሮው የሥራ መጠን በጣም ተጠግቶ ተሞልቷል። እነሱን አስተካክል። ከዚያ ኦፕሬተሮቹን አስቀምጠህ በየአላርሙ "ይሄ ሲጮህ ምን ታደርጋላችሁ?" በላቸው። የሚያደርጉት ነገር ከሌለ ድምፁን አጥፋው፤ ስክሪን ላይ መታየቱ ይበቃል። ሥራው በተረጋጋበት ሰዓት ለአንድ ኦፕሬተር በ10 ደቂቃ ከአንድ አላርም ባይበልጥ ጥሩ ነው።

የውሃ ማነስ አላርሙን ግን እንዳትነካው። ውሃ ሲያንስ እሳቱን የሚያጠፋው መቁረጫም ባይፓስ ተደርጎ (እንዳይሠራ ታልፎ) እንዳይሆን ዛሬውኑ ሄደህ እይ።