ጥሪው ከተለቀቀ በኋላ ስላለው ሥራ፤ ለሰፈራችን ወጣቶች

በጀሞ፣ በካራ ቆሬና በዓለም ባንክ የምትኖሩ ወጣቶች ለታመመ ጎረቤት ማሳከሚያ ወይም ደብተር ለቸገራቸው ተማሪዎች በቴሌግራምና በፌስቡክ ገንዘብ ስታሰባስቡ በአክብሮት እከታተላለሁ። ዕድሜዬን በሒሳብ ምርመራ ያሳለፍኩ ሰው በመሆኔ ግን ከሁሉ በፊት የምጠይቀው ጥሪው ለስንት ሰው ደረሰ ብዬ ሳይሆን መቼ ተዘጋ ብዬ ነው።

ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ መላክ የደቂቃ ጉዳይ ሆኗል፤ ጥሪውን መመለስ ግን አይቻልም። የታማሚው ፎቶ ከነሒሳብ ቁጥሩ አንዴ ከተለቀቀ፣ ታማሚው ድኖም ሆነ አርፎ፣ ከቡድን ወደ ቡድን ሲዞር ይኖራል፤ አጭበርባሪም ቁጥሩን ብቻ ቀይሮ በራሱ ስም ይሰበስብበታል። ስለዚህ የተጀመረበትና የሚዘጋበት ቀን፣ የሚፈለገውም የገንዘብ መጠን ከሥር በሚጻፈው ማብራሪያ ሳይሆን በምስሉ ላይ ይስፈር፤ ማብራሪያው ሲተላለፍ ሊቀር ይችላልና። ሲዘጋም የመጀመሪያውን ጽሑፍ አታጥፉት፤ መዘጋቱን በአናቱ ላይ ጻፉበት፤ ከዓመት በኋላ ምስሉ የደረሰው ሰው እውነቱን የሚያጣራው እዚያ ነው።

በዕድራችን ጡሩምባ ነፊው ገንዘብ አይዝም። (ዛሬ በብዙ ሰፈር ጡሩምባው በስልክ መልእክት ተተክቷል፤ ደንቡ ግን አልተለወጠም።) የሚጠራው ሌላ፣ ገንዘብ ያዡ ሌላ፣ መዝገቡን የሚመረምረውም ሌላ ነው። በእናንተ ዘንድ ግን ጥሪውን የጻፈው ልጅ ገንዘቡ የሚገባበትን ሒሳብ በግል ስሙ ይይዛል፤ ራሱም ያወጣል። ልጁ ታማኝ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ሆኖም ሐሜት ቢነሳበት ምን ይዞ ይሟገታል? ባንክ ሄዳችሁ በሦስት ሰዎች ጣምራ ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሒሳብ ክፈቱ፤ ከተፈለገው በላይ ቢሰበሰብ ትርፉ ለማን እንደሚውል አስቀድማችሁ አስታውቁ። ከጠብ ሁሉ የከፋው የሚነሳው ገንዘብ ሲጎድል ሳይሆን ሲተርፍ ነው።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ የቆሻሻው ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲያልቁ ከተማው ሁሉ አልቅሷል፤ ፎቶግራፉም በየስልኩ ዞሯል። ቤታቸውን ያጡት ቤተሰቦች ግን መጠለያና ትምህርት ቤት የሚያስፈልጋቸው ለዚያ ሳምንት ብቻ አልነበረም። በመጀመሪያው ቀን ድምፁን ያሰማ ብዙ ነው፤ በስድስተኛው ወር ሄዶ የሚጠይቅ ጥቂት ሰው መመደብ ይቻላልና ከጥሪው ጋር አብራችሁ መድቡት።

ስለ ፎቶና ስለ ሐኪም ማስረጃም ልናገር። ሰጪው ማረጋገጫ ስለሚፈልግ የታማሚው ሙሉ ስም፣ የካርድ ቁጥሩና የበሽታው ዓይነት ሳይሸፈን ይለጠፋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን በተለየ ጥንቃቄ ከሚያዙት ውስጥ ይመድበዋል፤ አዋጁ ባይኖር እንኳ፣ ዛሬ አልጋ ላይ ፎቶ የተነሳው ልጅ ነገ ሥራ ፈልጎ ሲሄድ ያ ወረቀት ቀድሞት ይደርሳል። ማስረጃውን የዕድሩ ዳኛ፣ ወይም የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን አለዚያም የመስጊዱ አስተዳደር አይቶ ቃሉን ይስጥ፤ ሕዝቡ ቃላቸውን ያምናል። ፊት ማሳየት ግድ ከሆነም ታማሚውን ራሱን ጠይቁት፤ ሕፃን ከሆነ ደግሞ ወላጆቹ ቢፈቅዱም እኔ ባይወጣ እመርጣለሁ።

በሙያ ያሉ ጡረተኞች በየኮንዶሚኒየሙ ሞልተዋል፤ ሒሳባችሁን በነፃ እንዲያዩላችሁ ብትጠይቋቸው እምቢ የሚሉ አይመስለኝም። እኔም ዝግጁ ነኝ፤ የባንኩን መግለጫና ደረሰኞቹን ብቻ ሳይሆን የተለቀቀውን ጥሪ ቅጂም ይዛችሁ ኑ፣ ቃል የተገባውና የተከፈለው የሚመሳከረው በእሱ ነውና።